የእሑድ ዲናሞ

ክር… ክር… ክር… ጠቅ።

የሰማሁት ደረጃ ላይ ሳለሁ ነው። ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ያለ ሕንፃ ውስጥ። ክፍሉን ገና አላየሁም፤ ማሽኑንም ሆነ ባለቤቱን አላየሁም። የመጣሁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ኮፒ ላስደርግ ነበር። ደረጃው መሃል ቆምኩና ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። «ክር» የሚለው ወረቀት የሚስበው ጎማ ነው፣ አርጅቷል። «ጠቅ» የሚለው ከፕላስቲክ ጥርሶቹ አንዱ ተሸርፎ ነው። ከሁለቱ ሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ለስላሳ፣ የማይዋዥቅ፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለች ንብ የሚያዜም። እሱ ዲናሞው ነው። አራት ወር ሙሉ በእግሬ የፈለግኩት ዲናሞ።

አንድ ተማሪ ከኋላዬ መጥቶ «ወንድም፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፤ እያዳመጥኩ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና አልፎኝ ወጣ።

ሰው ዲናሞ ሲባል ማራገቢያ ወይም የውኃ ፓምፕ ነው ትዝ የሚለው። ይሄኛው ሌላ ነው፤ በእርምጃ ነው የሚሄደው። ሁለት መቶ እርምጃ ሂድ ብትለው ሁለት መቶ ይሄዳል፣ አንድ አይጨምርም፣ አንድ አያጎድልም። ቁም ካልከው ደግሞ ፍንክች የለም። ትንንሾቹ ከአሮጌ ፕሪንተር ሆድ ውስጥ ይገኛሉ፤ እኔም ቤት ሦስት አሉ። ግን ጉልበታቸው የድመት ነው። እኔ የበሬ ነበር የፈለግኩት። ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ «ታዟል» ይሉኛል። በማግስቱም «ታዟል» ነው። ፒያሳ ፈርሳ ነጋዴው ከተበተነ ወዲህ ደግሞ ማን የት እንደገባ ማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በስልካቸው ከውጭ የሚያዝዙ ልጆች አሉ፤ ሁለት ወር ይፈጃል። እኔ የነበረኝ ሦስት ሳምንት ነው።

ሦስት ሳምንት ያልኩት በጋሽ አጥናፉ ምክንያት ነው። ጋሽ አጥናፉ አንጥረኛ ናቸው። ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ሳይፈርሱ ከቀሩት ቤቶች በአንዱ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለቻቸው። ብርን እንደ ፀጉር አቅጥነው ይስቡና ያንን ሽቦ እየጠመዘዙና እያጠላለፉ የአንገት መስቀልና የጆሮ ጌጥ ይሠሩበታል። ሽቦው የሚሳበው ከሰፊ እስከ ጠባብ ቀዳዳ በተደረደረባት የብረት ሳህን ነው። ጫፉን በአንዱ ቀዳዳ አሾልከው በፒንሳ ይዘው ይጎትቱታል፣ ከዚያ በሚቀጥለው፣ ከዚያ በሚቀጥለው፤ በየቀዳዳው እየቀጠነና እየረዘመ ይሄዳል።

ዓምና ክረምት ላይ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጠምዘዙን ክንዳቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ይችሉታል። መሳቡ ግን ድጋፍ የለውም፤ ሽቦውና እጁ ብቻ ናቸው፣ እጃቸው በደነገጠ ቁጥር ሽቦው ይበጠሳል። ተስቦ የተዘጋጀ ሽቦ ገዝተው ሞከሩ። «ይሄ ቁጡ ነው፣ ገና ሲነኩት ይሰበራል» ብለው ወረወሩት። በመጨረሻ ሱቋን ሊለቁ ወሰኑ። የስልክ ሽፋን ከሚሸጥ ሙስዓብ ከሚባል ልጅ ጋር ተስማሙ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት መጥቶ ኪራዩን ወደ ስሙ ሊያዛውር።

እኔ ትምህርት ከጨረስኩ ጀምሮ ያቺ ሱቅ ውስጥ ባለች ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ «ምን ሆነህ ነው የምትፈዘው?» ይለኛል። ዝም ብዬ እንዳስብ የፈቀዱልኝ ጋሽ አጥናፉ ብቻ ናቸው። ገና ጥር ላይ፣ እጃቸው ሱቋን ሊያስለቅቃቸው እንደሆነ በነገሩኝ ቀን፣ «ሽቦውን የሚስብ ማሽን እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው።

«በምን?»

«በተገኘው።»

«ምን ተገኘ?»

«ሁሉም አለ። ዲናሞው ብቻ ነው የቀረው።»

ሳቁ። «ሠርጉ ተደግሷል፣ ሙሽራው ብቻ ነው የጠፋው በለኛ!»

አልዋሸኋቸውም። መቆሚያውን ከተጣለ የልብስ ስፌት መኪና እግር አውጥቼው ነበር። ሽቦው የሚጠቀለልበትን ከበሮ አንድ ቶርኖ ቤት ከወዳደቀ አሉሚኒየም ቀርጸውልኛል፤ ቀራጩ ምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ «የሕልም ዕቃ ነው» ብዬው ስለ ሳቀ ጥሩ አድርጎ ቀረጸው። ኩሽኔታውን፣ ብሎኑንና ዳዶውን የሰጠኝ ሽኩር ነው። ሽኩር ከጋሽ አጥናፉ ሱቅ በሦስተኛው በር ብሎን ይሸጣል። የጉራጌ ልጅ ነው፣ አባቱም እዚያው በር ላይ ብሎን ሸጠዋል። እኔን «ኢንጂነር» እያለ ይጠራኛል፤ ስሜ ሉልሰገድ ነው።

እና ያ ቀን ደረጃውን ጨርሼ ወጣሁ። የኮፒ ቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው እስከ ታች ግቢ የሚሰማ፣ በአንድ እጃቸው ወረቀት እያስገቡ በሌላው መልስ የሚሰጡ ሴት ናቸው። ኮፒዬን ተቀብዬ ሳበቃ አልወጣሁም።

«እትዬ፣ አንድ የፕላስቲክ ጥርስ ተሸርፎባታል፤ ብዙ አይቆይም። ደግሞ… ይቺ ማሽን ስትሞት ለኔ ይሰጡኛል?»

«ምን አልክ?»

«ስትሞት።»

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረገችህ?»

ወረፋ ላይ ያሉት ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ «ዛሬስ እንዴት ናት?» እላለሁ። እትዬ አስካለም ቀና ሳይሉ «አለችልህ! አንተን ቀብራ ነው የምትሞተው!» ይሉኛል። ተማሪዎቹ ደግሞ ስም አወጡልኝ። ገና ደረጃውን ስረግጥ «ጆፌ አሞራው መጣ!» ይባላል። አልተቀየምኩም። ጆፌ አሞራ የሚፈልገውን የሚያውቅ ወፍ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጥርሱ ጨርሶ ወለቀ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያ ሰሞን ነበር፤ ሰልፉ ደረጃውን አልፎ ግቢ ደርሷል። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ሲያዩኝ «በል ደስ ይበልህ!» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ከኪሴ ካቻቢቴ አወጣሁ። ክዳኗን ፈታሁ። ቤት ካሉኝ ፕሪንተሮች ከአንዱ ያወለቅኩት ጥርስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ልክ አልሆነም፣ በሞረድ ልክ አደረግኩት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ «ጠቅ» ጠፍቶ ማሽኗ እንደ አዲስ ተነሳች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ሽኩር ይሄን ስነግረው ጭንቅላቱን ያዘ። «አንተ! ለቅሶ ልትደርስ ሄደህ ሬሳውን አስነሳኸው? ምን ዓይነት ፋራ ነህ?»

መልሴ ቀላል ነው። የሚያስተካክለውን እያወቅሁ መጥፎ ድምፅ ቆሜ መስማት አልችልም። ዲናሞውንም ቢሆን ያን ጊዜ በቅርብ አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩን፣ ሽቦዎቹን፣ የሚታሰርበትን አራት ቀዳዳ ሁሉ እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ነው የወጣሁት። የት እንዳለ የማውቀው ዕቃ ለኔ የጠፋ ዕቃ አይደለም።

ከሰኞው ቀጠሮ በፊት ባለው ዓርብ እንደገና እዚያው ነበርኩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ወረቀት አልያዘችም። እትዬ አስካለ ማሽኑን ትተው ከመሳቢያ አንድ የተቀዳደደ ደብተር አወጡ። የሰፈራቸው ዕድር ዕቃ ቤት ኃላፊ መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት።

«እግዜር ያጥናሽ። ስንት ድስት?»

«ሁለት ትልልቅ። ሳህንም ሠላሳ።»

«ዋስሽ?»

«ጎረቤቴ አክበረት።»

«ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ታጥቦ።»

ሴትዮዋ ፈርማ ወጣች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አራት ወር ሙሉ ስገዛ፣ ስለምን፣ ማሽን እስኪሞት ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሰፈሬ ውስጥ ግን ሠርግና ሐዘን የሚወጣው በተገዛ ድስት አይደለም፤ በተዋሱት ነው። ኮፒ ቤቱ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተዘግቶ ሰኞ በሁለት ሰዓት ይከፈታል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ዲናሞው ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚውለው።

«እትዬ፣ ዲናሞዋን ያውሱኝ።»

«የቷን?»

«የማሽኗን። ቅዳሜ ሲዘጉ እፈታለሁ፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት መልሼ እገጥማለሁ።»

«ከነነፍሷ?»

«ነፍሷ እሑድ ሥራ የላትም።»

ለምን እንደምፈልገው ጠየቁኝ፤ ስለ ጋሽ አጥናፉ እጅ ነገርኳቸው። ወረቀት ማስገባታቸውን አቁመው ሰሙኝ።

«መልሰህ ስትገጥማት ባትነሳስ?»

«ትነሳለች።»

«ባትነሳስ እያልኩህ ነው!»

«እትዬ፣ በሽታዋን ደረጃ ላይ ሆኜ፣ መልኳን ሳላይ ነው ያወቅሁት። ትነሳለች።»

ደብተሩን ገለጡ። «ዋስ ጥራ።»

ቅዳሜ ሽኩርን ይዤ መጣሁ። ተማሪዎቹ ሲወጡ በሩን ዘጋን። እኔ ዲናሞውን እየፈታሁ እትዬ አስካለ ሽኩርን ፊታቸው አቁመው እንደ ዳኛ ጠየቁት።

«ዕቃው ባይመለስ ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

«እሱን ራሱን አመጣልዎታለሁ፤ ከውስጡ የፈለጉትን ይፍቱ።»

«አትቀልድ። በኛ ዕድር ሕግ ዕቃ ያጎደለ ሰው ሦስት ቀብር ድንኳን ይሸከማል።»

«ድንኳኑ ይከብዳል?»

«አንተን ያክላል።»

«ኧረ ቀላል ነው፣ ራሴን በየቀኑ እሸከም የለ» ብሎ ፈረመ።

እትዬ አስካለ ከቦርሳቸው ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥተው የዲናሞው ጀርባ ላይ ቁጥር ጻፉ፦ 41። የዕድሩ የመጨረሻ ድስት ቁጥር አርባ ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበትና ሰጡኝ። ወደ ፒያሳ በታክሲ ስንሄድ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ነበር። እንደ በሬ ይከብዳል ማለት አልችልም፤ ደረቱ ግን ሰፊ ነው፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ማታውን ክፍሌ ውስጥ ገጠምኩት። አራቱ ብሎን ልክ ነበር። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ማዞሪያ ትንሽ ስነካው ከበሮው ቀስ ብሎ ዞረ። ጋሽ አጥናፉን ዓርብ ዕለት «ሽቦውን በእሳት አለስልሰው ያቆዩልኝ» ብያቸው ስለነበር ሁሉም ተዘጋጅቷል። ሰዓቱን እስከ ደቂቃ አስቤዋለሁ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሑድ ረፋድ ላይ ማሽኑን ከሽኩር ጋር ጣውላ ላይ ጭነን ሱቋ ውስጥ አገባነው። ጋሽ አጥናፉ ቅዳሴ አስቀድሰው ከጊዮርጊስ መጡ፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። በሩ ላይ ቆመው ማሽኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ዛሬ ምንድነው?» አሉኝ።

«እሑድ።»

«እሑድ ምንድነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ።  ስለ ኮፒ ቤቱ መዘጊያ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ብሎኑ፣ ስለ ሁሉም አስቤያለሁ። እኔ እሑድን ባዶ ሰዓት አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ሃምሳ ዓመት በሰንበት መዶሻ ያላነሱ ሰው ጋ ነው የመጣሁት።

«እኔ ቅዳሜ መስሎኝ እስኪመሽ ጠበቅኩህ» አሉ፣ ሳይቆጡ።

«ነገ ማለዳስ?» አለ ሽኩር።

«ነገ በአንድ ሰዓት ዲናሞው ስድስት ኪሎ ነው» አልኩት። «ሙስዓብ ደግሞ በሦስት ሰዓት ይመጣል።»

«ዛሬ ከመሸ በኋላስ? ከመሸ ሰኞ ገባ አይደል?»

«ማታ ይሄን ሽቦ የሚያይ ዓይን የለኝም» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

 ባቡሩ አደባባዩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ጋሽ አጥናፉ ገብተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ነጠላው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወደ ሽኩር ዞሩ።

«አንተ ሰንበትህ መቼ ነው?»

«እኛ ጁምዓ ሰግደን ሱቃችንን እንከፍታለን፣ ጋሼ። ዛሬ ለኔ እንደ ማክሰኞ ነው።»

«እንግዲያ አንተ ሳበው።»

«እኔ?! እኔ እኮ ብሎን ነው የምሸጠው! ከብር ጋር የምንተዋወቀው በሩቅ ነው!»

«እነግርሃለሁ። መናገር ሥራ አይደለም።»

«እኔስ?» አልኳቸው። «ማዞሪያውን የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል።»

ጥቂት አሰቡ። «በሰንበት ሬዲዮ ትከፍታለህ?»

«እከፍታለሁ።»

«እንደ ሬዲዮ ክፈተው። ሽቦውን ግን እንዳትነካ።»

ሥራው እንዲህ ተከፋፈለ። ሽኩር ባንኮኒው ፊት ተቀመጠ፣ እኔ ማዞሪያውን ያዝኩ፣ ጋሽ አጥናፉ ያለ እጅ ተቀመጡ። የለሰለሱት ሦስት ዘለላ ሽቦዎች ነበሩ፤ ሌላ የለም፣ ለማለስለስ ደግሞ እሳት ማንደድ አይቻልም። ሽኩር የመጀመሪያውን ጫፍ በሞረድ አሹሎ ሰም ቀባው፣ በቀዳዳው አሾለከው፣ ከበሮው ላይ አሰረው። ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ነበር።

«በለው ኢንጂነር!»

ማዞሪያውን ከፈትኩ። ከበሮው ዞረ፤ ሽቦው ተወጠረ፤ ጥው አለና ተበጠሰ።

«ኧረ በአላህ!» አለ ሽኩር። «ምንም አላደረግኩትም!»

«አንተ አይደለህም» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ቀጥል።»

ሁለተኛውን አሰረ። ይሄኛው ሁለት ቀዳዳ አለፈ፣ በሦስተኛው መነሻ ላይ ጥው አለ። አንድ ቀረ። ሽኩር እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ እኔን አየኝ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። እኔ ግን አልፈራሁም። የተበጠሰው ሁለቴም መነሻ ላይ ነው፣ መሃል ላይ አንድም ጊዜ አልተበጠሰም። ዲናሞው ምንም አላጠፋም፤ የተሳሳተው አነሳሱ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ በእጅዎ ሲስቡ እንዴት ነው የሚጀምሩት?»

«እንዴት ይባላል? ዝም ብሎ ነው የሚሳበው።»

«ይንገሩኝ። ዓይንዎን ጨፍነው።»

ጨፈኑ። ነጠላው ውስጥ እጃቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ የሌለ ፒንሳ ይዘው የሌለ ሽቦ ይስቡ ነበር።

«መጀመሪያ ትለምነዋለህ» አሉ ቀስ ብለው። «ና ትለዋለህ እንጂ አትጎትተውም። እሺ ይልሃል፤ እሺ ማለቱን እጅህ ያውቀዋል። ከዚያ ነው የምትወስደው። መውሰድ ከጀመርክ ደግሞ መቆም የለም። ቆመህ ከጀመርክ ይቀየምሃል።»

«እሺ ሲል ምን ይሰማዎታል?»

«ይላላል። ትንሽ ይላላል።»

ይሄ በቂዬ ነበር። ሽቦው ሲከብደው የዲናሞው ድምፅ ይወፍራል፤ ሲላላለት ይቀጥናል። እጃቸው የሚያውቀውን የኔ ጆሮ መስማት ይችላል። ሽኩር ሦስተኛውን አሰረ። ማዞሪያውን የፀጉር ያህል ከፈትኩ። ዲናሞው ወፍራም ድምፅ አሰማ፤ ከበሮው የቆመ ይመስል ነበር።

«ለምነው» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ለምነው… ለምነው…»

ድምፁ ቀጠነ።

«አሁን!» አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

ከፈትኩት። ሽቦው በቀዳዳው እንደ ውኃ መውረድ ጀመረ። ሽኩር ጫፉ እንዳያመልጠው ተጎንብሶ «ያ ሰላም፣ ያ ሰላም» ይላል። አንደኛው ቀዳዳ አለቀ። ሁለተኛው። ሦስተኛውም አለፈ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። በየቀዳዳው ሽኩር ጫፉን ያሾላል፣ ሰም ይቀባል፣ ያስራል፤ ጋሽ አጥናፉ «ሰሙን አታብዛ፣ ዶሮ ወጥ አይደለም» ይሉታል፤ እሱም «እሺ ጌታዬ፣ ማክሰኞ ላይ መጥተው ብሎን ሲሸጡ እኔም እናገርዎታለሁ» ይላል። በአሥራ አንደኛው ቀዳዳ ላይ የወጣው ሽቦ በሩ ወገን ካለው ብርሃን ውጪ አይታይም ነበር። ሽኩር መዳፉ ላይ አድርጎት «የት አለ?» አለ፣ እውነቱን ነው።

«ጣትህ ላይ ጠምዝዘው» አሉት።

ጠመዘዘ።

«ፍታው። መልሰህ ጠምዝዘው።»

አልተሰበረም። ሦስቴ ጠመዘዘው፣ ሦስቴ ፈታው፤ እንደ ክር ይታዘዝ ነበር።

ጋሽ አጥናፉ ሽቦውን ተጠግተው አዩት። ከዚያ «ነገ ጠዋት ይሄ ዲናሞ ይመለሳል፤ አይደል?» አሉኝ።

«በአንድ ሰዓት ይመለሳል።»

«ታዲያ?»

«ሐምሌ ላይ ዩኒቨርሲቲው ይዘጋል፤ እትዬ አስካለ ክረምቱን ሙሉ ሥራ የላቸውም፣ ዲናሞዋ እርስዎ ጋ ትከርማለች። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ አመጣታለሁ። የእትዬ አስካለን የሚመስሉ አሮጌ የኮፒ ማሽኖች ደግሞ ስድስት ኪሎ ላይ ብቻ ስንት አሉ መሰልዎት? ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። በየደረጃው እየቆምኩ አዳምጣለሁ። እስከ መስቀል የራስዎ ይኖርዎታል።»

«እስከ መስቀል» አሉ።

«ከዚያም በፊት ሊሆን ይችላል።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው እንዲያወጣ ለሽኩር በአገጫቸው አመለከቱ። ሽኩር አወጣ፣ ደወለ፣ ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው።

«ሙስዓብ፣ ልጄ፣ እንደምን ዋልክ? ነገ አትምጣ… የለም፣ አልታመምኩም… ለሌላ ሰውም አልሰጠሁም። ሱቋ ውስጥ ሰው አለ… እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው?… ይቅርታ አድርግልኝ፣ ደጃፉ የሰፋ አንድ ቤት አለ፣ አሳይሃለሁ። እሺ። ሰላም ዋል።»

ሽኩር ስልኩን ዘጋና ከዱካው ላይ ተነስቶ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «አላህ ይመስገን! ከዛሬ ጀምሮ አንጥረኛ ሽኩር በሉኝ! ጋሼ፣ የቀን ሥራዬን በምን ነው የሚከፍሉኝ? ለሚስቴ አንድ ቀለበት?»

«ሚስት አለህ እንዴ?» አልኩት።

«ቀለበቱ ካለ ትመጣለች!»

ሳቅን። እኔ ዲናሞውን አጠፋሁ፤ ደረቱ ሞቆ ነበር፣ በጨርቅ ጠራረግኩት፣ ቀይ ቁጥሩ እንዳይፋቅ ተጠንቅቄ። ነገ ታጥቦ ነው የሚመለሰው።

ጋሽ አጥናፉ አልሳቁም ነበር። ተነሱ። እጆቻቸውን ከነጠላው ውስጥ ሲያወጡ አየን፤ ቀኙ እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል። ሽቦውን ከሽኩር ጣት ላይ ቀስ ብለው ፈቱና በግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ላይ ጠቀለሉት። አልተበጠሰም። ነጠላቸውን አስተካክለው ከመሃላችን አለፉ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አለ ሽኩር።

 ሱቋን ክፍት አድርገው፣ ባንኮኒውን፣ መሳቢያዎቹን፣ ያደረውን ብርና እኛን ሁለታችንን ውስጥ ትተው ወጡ። ቤታቸው በስተ ታች ነው። እሳቸው ግን አንድ ጊዜም ዞር ሳይሉ ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን ዳገት ይዘው ሄዱ።